በኮሌታ የተቆረጠ ደብዳቤ

ኑ እስቲ ልጆቼ፣ ወንበር ሳብ አድርጉና ተቀመጡ። ሩቅ አትሁኑብኝ፤ ድምፄን ከፍ ካደረግኩ የጠብ ወሬ ይመስላል፣ ይኼ ደግሞ የፍቅር ነው። አስቀድሜ ግን ልንገራችሁ፤ ዛሬ የማወራው ሆድ የሚያገላብጥ ቦታ አለው። እኔ ራሴ እዚያ ላይ ስደርስ ምራቄ ይመረኛል። ቻል አድርጉልኝ።

ባለፈው ላልነበራችሁ ባጭሩ ልድገምላችሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ስፌት ቤት ናት። ስድስት የስፌት መኪና፣ አንድ ሰፊ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ አንድ ካውያ። እዚያ ቁልፍ የምትተክል ልጅ አለች፤ ከሸሚዝ ሸሚዝ ስትተክል ነው የምትውለው። ሰውነቷ ሞላ ያለ ነው። ሞላ ያለ የምለው እኔ ነኝ፤ የስፌት ቤቱ ሰው ግን «ድቡልቡሌ» ነው የሚላት፣ ፊት ለፊቷ፣ እየሳቀ። እሷም አብራ ትስቃለች። እንዲህ አብሮ መሳቅ ምን ያህል እንደሚያደክም የሳቀ ያውቀዋል።

ጨርቅ የሚቆርጠው የስፌት ቤቱ ባለቤት ልጅ ነው። ቆራጩ ይሉታል። ቀጭን ነው፣ ነፋስ ሲነሳ ጠረጴዛውን ቢይዝ የሚሻለው ዓይነት። እሱ ብቻ «ቁልፌ» ብሎ ይጠራታል። የሸሚዙን ቁልፍ ማለቱ ይሁን የበሩን ጠይቃው አታውቅም፤ ሁለቱንም ወዳዋለች። ይዋደዳሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዓይን ሲነጋገሩ ከርመው፣ በመጨረሻ በአፍም ተነጋግረዋል።

እናቱ፣ ሁሉም «እትዬ» የሚሏቸው፣ ይኼን የሰሙ ዕለት ልጅቷን ጠርተው ከላይ እስከ ታች አዩአት።

«ልጄን አልሰጥም አላልኩሽም» አሏት። «እንዲህ ሆነሽ ግን አንድ ፎቶ ላይ አብሬሽ አልቆምም። ዘጠና አራት ኪሎ ነሽ። ሰባ ኪሎ ግቢልኝ፣ ያን ጊዜ የሰርጉን ቀን እቆርጣለሁ።»

እውነቱን ለመናገር ልጅቷ ራሷም መቀነስ ትፈልግ ነበር፤ ከእትዬ በፊት። ጉልበቷን ያማታል፣ ሦስቱን ፎቅ ለመውጣት አራት ጊዜ ታርፋለች። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ከቆራጩ ጋር ተቀምጣ፣ «ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ይኼን ደረጃ አንድ ጊዜ ሳላርፍ መውጣት ብቻ» ብላው ነበር። ያ የራሷ ምኞት ነበር። እትዬ ሲገቡበት ግን ምኞቱ ከእጇ ወጣና የፈተና ዓይነት ሆነ።

ከዚያ ዱቄቱ መጣ።

አንዲት ጎረቤት የምትሸጠው አረንጓዴ ዱቄት ነው፤ ስም የለው፣ ጽሑፍ የለው፣ በፌስታል የተቋጠረ። እትዬ ጠዋት ጠዋት በብርጭቆ በጥብጠው ያቀርቡላታል። ቀለሙ የቆመ ኩሬ ነው። ሽታው የረጠበ ጆንያ። ምንም ቢበጠብጡት የማይሟሟ ጓል አለው፤ ያ ጓል እንደ አክታ ወፍሮ ጉሮሮ ላይ ይቆማል፣ አይወርድም፣ አይወጣም። እትዬ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው እስክትጨርስ ይጠብቃሉ። «እስከ ታች፣ እስከ ታች!» ታችኛው ደግሞ ይብሳል፤ ዝቃጩ ከምላስ ሥር ገብቶ እስከ ምሳ ይከርማል። ከምሳ በፊት ሦስት አራት ጊዜ ወደ ሽንት ቤት ትሮጣለች። ትንፋሿ ስለሚሸታት አፏን ገጥማ ነው የምትሰፋው። ምሳ የሚባል ግማሽ ሳህን ቅጠል ነው፣ እራት የለም።

ሰባት ሳምንት እንዲህ ኖረች። ሰው ግን ሁሉን ይለምዳል ሲሉ አትመኑ፤ እሷ አንድ ቀን አልለመደችውም። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሳ ሽታው ይመጣባትና ታቅለሸልሻለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሚዛን አለ። መኪኖቹ መሐል ያስቀምጡታል። ጫማሽን አውልቂ። ሹራብሽን አውልቂ። የተመለከቱትን ቁጥር እትዬ ጮክ ብለው ያነባሉ። መኪና ሁሉ ይቆማል፤ ክር ያለቀበት ሰው እንኳ ያኔ ክር አይቀይርም።

በሰባተኛው ቅዳሜ ቁጥሩ «ዘጠና ሁለት» አለ።

«ሰባት ሳምንት፣ ሁለት ኪሎ!» አሉ እትዬ። ክንዷን በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ የጨርቅ ውፍረት እንደሚፈትን ሰው አሹት። «ይኼ ሁሉ ገበር ምንድነው ልጄ? ማን ነው ያለገደብ ገበር የለበጠብሽ?»

ስፌት ቤቱ በሳቅ ሞላ። ልጅቷም ልትስቅ አፏን ከፈተች፣ ግን ያ የረጠበ ጆንያ ሽታ ከውስጧ ወጣና መልሳ ገጠመችው። ዓይኗን ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ ላከች። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ቢልላት! አንድ ቃል አይደለም፣ አንድ እይታ። ቆራጩ ግን አንገቱን ደፍቶ በጠመኔ ያሰመረውን መስመር መልሶ ያሰምራል። መቀሱ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ያን ድምፅ ትወደው ነበር። ያን ቅዳሜ ግን አንገፈገፋት፤ የሆነ ነፍሳት ምግቡን ሲያኝክ መሰላት።

ሰው ሲበተን ካውያው ጋ ያለችው ሴትዮ ጠጋ አለቻት። ልብስ ተኳሽ ስለሆነች «ተኳሿ» ይሏታል፤ እሷም «ተኩሼ ስቼ አላውቅም» እያለች ትቀልዳለች።

«የኔ እናት፣ ያ ቆራጭ የሚሉት ልጅ እኮ ጨርቅ ላይ ነው ቆራጥነቱ» አለቻት። «እናቱ ፊት ሲሆን መቀሱም ይደነዝዛል።»

«ተዪው፣ እናቱ ናቸው።»

«እናቱ መሆናቸውን አጥቼው ነው?» ብላ ተኳሿ ካውያዋን ሸሚዝ ላይ አሳረፈችው። «ሸሚዙ ግን ተጨማደደ።»

ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ቤቷ እስክትደርስ የክንዷን ያቺን ቦታ በመሐረብ ስትጠርግ ሄደች። የሚጠረግ ነገር ሳይኖር።

ሰኞ ጠዋት ነው እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው።

ቆራጩ ጨርቅ ሊያመጣ ወደ ሌላ ከተማ ማለዳ ተነስቷል፤ እስከ ሐሙስ አይመለስም። ልጅቷ ስትመጣ ወንበሯ ላይ የተሰቀለው ሽርጥ ደረት ላይ አንዲት ቀጭን ወረቀት በስፒል ተይዛለች። ቡናማ ናት፤ ጨርቅ ላይ አንጥፈው በዙሪያው የሚቆርጡበት ያ የቅድ ወረቀት። በዚያ ስፌት ቤት «ልክ» የሚል ቃል ያለበት ወረቀት በስፒል ተይዞ ከተገኘ የደንበኛ ልክ ነውና ማንም አይነካውም። ልጅቷም የሸሚዝ ልክ መስሏት ጎንበስ ብላ አነበበችው። ጽሕፈቱ የቆራጩ ነው፣ ከሺህ ጽሕፈት ትለየዋለች። ሁለት ቃል ብቻ። ከሥራቸው መስመር ተሰምሯል።

ልክሽን እወቂ

ሌላ ምንም የለም። ደግማ አነበበችው። ወረቀቷን ገለበጠቻት፣ ባዶ ናት።

ልጆቼ፣ እንዲህ ያለ ቃል ከጠላት ቢመጣ ሰው ይናደዳል፤ ከሚወዱት ሲመጣ ግን ቁጣ አይደለም የሚመጣው። የመጣባት መጠየፍ ነው። ከእሱ አልጀመረችም፣ ከራሷ ጀመረች። ሽርጡን የያዘውን እጇን አየችው፤ ወፍራም፣ ቀይ፣ ጣቶቹ የተነፉ። የሰው እጅ አልመስል አላት። «እውነቱን ነው፣ እኔ እኮ የእሱን እጅ የምይዝበት እጅ ይኼ ነው» ብላ አሰበች። ቆየት ብሎ ደግሞ እሱ ታያት። ደረጃው ላይ የተቀመጠው፣ «ቁልፌ» የሚለው፣ ያን ሁሉ ጊዜ በልቡ ይኼን ይዞ የተቀመጠው። ባለቤትና ሠራተኛ። ልክሽን እወቂ።

«ነይ እንጂ፣ ይበርዳል!» አሉ እትዬ። ብርጭቆው መጥቷል።

ጠጣችው። ለምን እንደጠጣችው ዛሬም አታውቅም። እስከ ታች ጠጥታ ሽንት ቤት ገባችና ተንበርክካ ሁሉንም መለሰችው። አረንጓዴ፣ ጓሉ እንደነበረ፣ አንዱም ሳይሟሟ። መስተዋቱ ላይ ቀና ስትል አገጯ ላይ የተንጠለጠለ ክር የመሰለ ምራቅ አለ። ለረጅም ጊዜ አየችው። አልጠረገችውም። ከዚያ በላይ የሚያስጠላ ነገር በሕይወቷ አይታ አታውቅም፤ እና ያ ነገር እሷ ነበረች።

ሽርጧን እንኳ ሳትሰቅል ወንበሩ ላይ ጥላው ወጣች። ስልኳ ማክሰኞ ሦስት ጊዜ ጮኸ፣ ረቡዕ አምስት ጊዜ። የቆራጩ ስም በበራ ቁጥር ስልኩን በፊቱ ትደፋዋለች። በሦስቱ ቀን ሁለት ነገር ብቻ ወሰነች፤ ሐሙስ እሱ ሳይደርስ በጠዋት ሄዳ መቀሷንና መርፌዎቿን ትወስዳለች፣ ከዚያ ወዲያ ያቺን ደረጃ አትወጣም። እሱንም።

ሐሙስ ግን ጉልበቷ አመማትና ስትዘገይ የምሳ ሰዓት ሆነ። ሰው ሁሉ ወርዷል። ተኳሿ ብቻ ካውያዋ ጥግ ቆማ ዳቦ በእንቁላል ትበላለች።

«መጣሽ? ጎሽ!» አለች ተኳሿ አፏ ሞልቶ። «ነይ እስቲ ይኼን እይልኝ። ሸሚዝ ስተኩስ ሰባት ዓመቴ ነው፣ የሚያወራ ኮሌታ ግን አይቼ አላውቅም።»

የምታሳያት በኮሌታ ቅርፅ የተቆረጠ ቡናማ ወረቀት ነው። እንደ ጨረቃ ጎበጥ ብሏል። ላዩ ላይ በእርሳስ የተጻፈ አለ፣ በሁለቱም ጫፍ ተቆርጧል።

ልጅቷ ልትገፋው እጇን ዘረጋች። ጽሕፈቱን ስታውቀው እጇ አየር ላይ ቀረ።

«...ቁልፌ፣ ይኼን የምጽፈው ራስሽ ደረጃውን ሳላርፍ ልውጣ ስላልሽ ነው፣ እማዬ ስላለች አይደለም። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ክብደት መቀነስ ለሚጀምር ሰው ምን ይሻላል ብዬ ነርሷን ስጠይቃት ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና ‘አንተ? ከምንህ ላይ ልትቀንስ?’ ብላ...»

«ይኼ ከየት መጣ?» አለች ልጅቷ። ድምጿ ቀጠነ።

ተኳሿ ዳቦዋን አስቀመጠች። «እኔ እንጃ... ቆይ፣ ቆይ! ሰኞ ጠዋት እትዬ የሸሚዝ ቅድ የሚያወጡበት ወረቀት አጥተው ነበር። ካንቺ ሽርጥ ላይ የተንጠለጠለውን አዩና ‘በትልቁ ልክ የሚለው የደንበኛ ነው፣ እሱ ይቅር’ ብለው ከሥሩ ያለውን ትልቁን ወረቀት ቆርጠው ወሰዱት። መነጽራቸውን አላደረጉም። እኔ ደግሞ የጨርቅ ሒሳብ ነገር መስሎኝ...»

ልጅቷ ካውያውን፣ ተኳሿን፣ ሁሉን ትታ የቅድ ወረቀት ወደሚንጠለጠልበት ችንካር ሮጠች። ጉልበቷን ረሳችው። ሁለት የእጅጌ ጫፍ አገኘች። አንድ ኪስ። መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ከኮሌታው ሥር ዘረጋቻቸው፣ ሽርጧ ላይ የቀረችውን ቀጭን ወረቀት ደግሞ ከላይ አደረገቻት። ሰው የሌለበት ሸሚዝ መስሎ ተኛ፤ እሷም ጎንበስ ብላ ሸሚዙን ማንበብ ጀመረች።

አንደኛው እጅጌ፤ «...የወገብሽን ልክ በሜትር አንድ ጊዜ ውሰጂና ጻፊው፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት እርሺው። ስንት እርምጃ ስትሄጂ እንደሚደክምሽም ጻፊ። ልክሽ ያ ነው፣ የምንጀምረው ከእሱ ነው። ሚዛን ላይ በየቀኑ መውጣት ልብ ያደርቃል አለች፤ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ለጀማሪ ብዙ ነው፣ አንዳንድ ሳምንት ደግሞ ምንም...»

ሁለተኛው እጅጌ፤ «...ቁርስ እንዳትዘልዪ። የዘለለ ሰው ሲመሽ ያገኘውን ይጠርጋል። ሻይሽን በሦስት ማንኪያ ስኳር ነው የምትጠጪው፣ አይቻለሁ፤ በሁለት ጀምሪ፣ ስትለምጂው አንድ። ከሳህንሽ ግማሹ አትክልት ይሁን፣ ግን ዳቦሽን አትጣዪው። ውሃ ጠጪ። በደንብ ተኚ፤ ያልተኛ ሰው...»

ኪሱ፤ «...አስር ደቂቃ መራመድ ብቻ። እስከ መድኃኒት ቤቱ ጥግና መልስ። ሲደክምሽ ቁሚ፤ መቆም ማቆም አይደለም። አንድ ቀን ብታበላሺም ሳምንቱን አትጣዪው፣ እኛ አንድ ስፌት ሲሳሳት ያችኑ ፈትተን እንሰፋለን እንጂ ሸሚዙን አንቀደውም። ያን ዱቄት ግን ተዪው! ነርሷ ውስጡ ምን እንዳለ የማይታወቅ ነገር ጉበት ይበላል ብላ ተቆጣችኝ። ይኼን ለእማዬ በሰባቱም ቅዳሜ መናገር ነበረብኝ። መናገር ነበረብኝ፣ ግን...»

እዚያ ላይ መቀስ አልፎበታል።

«ግን ምን?» አለች ልጅቷ ለወረቀቱ። ጉንጯ ረጥቧል። ተኳሿም ፊቷን በሽርጧ ጠረገችና፣ «እንፋሎቱ ነው» አለች። ካውያው ጠፍቶ ነበር።

በሩ የተከፈተው ያኔ ነው። ቆራጩ አንድ ጥቅል ጨርቅ ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ በደረጃው እያለከለከ ገባ። ልጅቷን ሲያይ ጥቅሉ ከትከሻው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ስልክሽን ለምን አታነሺም? ሞተሽ መሰለኝ እኮ!»

«ና እይ» አለችው።

መጥቶ ጠረጴዛውን አየ። መጀመሪያ አልገባውም። ቀጭኗን ወረቀት ብቻዋን አንስታ ደረቷ ላይ ስትይዛት ግን ፊቱ ደም አጣ።

«ይቺን ብቻ ነው ያገኘሽው?»

«ይቺን ብቻ።»

«እኔ እኮ... የወገብ ልክ... ለእኔ ልክ ማለት...» ቃል ጠፋውና ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ አሳያት። ሌላ ቀን ቢሆን ያስቃት ነበር።

«ገብቶኛል። ደብዳቤህ ጥሩ ነው» አለችው። «ሳነበው አልቅሻለሁ። ግን ልንገርህ? ይኼን ሳምንት ሁሉ ነገር አስጠልቶኛል። ያ ዱቄት አስጠልቶኛል። ሚዛኑ አስጠልቶኛል። እጄ፣ አገጬ፣ ትንፋሼ። የሁሉም መጨረሻ ላይ ያገኘሁት ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ዝምታህን። እናትህ ክንዴን እንደ ጨርቅ ሲያሹኝ አንተ መስመር ታሰምራለህ። ለወረቀት የምትነግረውን ለሰው አትነግርም። ‘መናገር ነበረብኝ፣ ግን’ ብለሃል። ግን ምን?»

ቆራጩ ሜትሩን ጣቱ ላይ ጠመጠመው።

«ግን ምን አልኩህ!»

«እፈራታለሁ» አለ። ድምፁ ከመሬት የወጣ ይመስላል። «ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ እናቴን እፈራታለሁ። ይኼን ጽፌ ነበር። እንድታውቂው ብዬ... ጽፌው ነበር።»

ከኋላቸው የብርጭቆ ድምፅ ተሰማ። እትዬ ከጓዳው ወጥተዋል፤ ምሳ ሰዓት ወርደው አያውቁም። በእጃቸው ያ አረንጓዴ ነገር አለ።

«ሦስት ቀን ዘለልሽ» አሉ። «ድምፅሽን ሰምቼ ነው የበጠበጥኩት። ነይ፣ እስከ ታች።»

ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም። ቆራጩ ሄደና ብርጭቆውን ከእናቱ እጅ ተቀበለ። እሷን ሳያይ፣ እናቱን እያየ፣ ወደ አፉ አስጠጋው። አንድ ጉንጭ ጎነጨ። አንድ ብቻ። ጉሮሮው ላይ ሲቆም ታየ፤ ዓይኑ በእንባ ሞላ፣ አንገቱ ተወጠረ፣ ሁለተኛ ሊጎነጭ ሞከረና ያን ጓል በመዳፉ ውስጥ ተፋው። መዳፉ ውስጥ ያለውን አየ። አረንጓዴ ነው፣ ይንቀጠቀጣል።

«እማዬ» አለ። «ይኼንን? በየቀኑ ይኼንን?»

«ምን ሆንክ? መድኃኒት ነው እንጂ ማር ነው አልኩ እንዴ?» አሉ እትዬ። «እኔም ጠጥቼዋለሁ። ከእሷ ጋር እኩል ነው የምጠጣው። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለውን ሁሉ ስጠጣ ኖሬያለሁ፣ ሞቻለሁ?»

ቆራጩ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ሃያ ሁለት ዓመት?» አለ ልጃቸው።

እትዬ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ቀጭን ሴትዮ ናቸው፣ ያን ቀን ግን ቀጭን ሳይሆን የተጎዱ መሰሉ። «አባትህ አንድ ቀን በር ላይ ቆሜ አየኝና ‘በሩን ሞላሽው’ አለኝ። እየሳቀ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠግቤ አላደርኩም። እሱ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ እኔ ግን አሁንም ሳህን ፊቴ ሲቀርብ ድምፁ ይመጣብኛል።» ወደ ልጅቷ ቀና አሉ። «እንዳይሉሽ ብዬ ነው። ቀድሜ እኔ ብልሽ ይሻላል ብዬ ነው።»

ልጅቷ ይኼን ሰዓት ስትጠብቀው ነበር። ልትጠላቸው ተዘጋጅታ ነበር፤ የምትናገረውን ሁሉ በሦስት ቀን ውስጥ ስትደረድር ከርማለች። አሁን ግን የሚያስጠላት እሳቸው አልሆኑም። ያ አንድ ሳቅ ነው ያስጠላት፤ ያላየችው የሞተ ሰው በር ላይ የሳቀው ሳቅ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሆድ ውስጥ የተቀመጠው፣ ከአንዷ ወደ ሌላዋ በብርጭቆ ሊሻገር የነበረው። ቀፈፋት። አከርካሪዋ ድረስ ቀፈፋት።

ቀስ ብላ ፊታቸው ጎንበስ አለች።

«እትዬ» አለቻቸው፣ «ምሳ በልተዋል?»

እትዬ ቀና ብለው አዩአት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ይኼን የሚጠይቅ ሰው ካጡ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል። ተኳሿ ከዳቦዋ ግማሹን ቆርሳ፣ እንቁላሉን ወደ እሳቸው በኩል አድርጋ፣ ምንም ሳትል ጭናቸው ላይ አኖረችላቸው። እትዬ ዳቦውን በሁለት እጃቸው ያዙት። አልጎረሱትም፣ አላስቀመጡትምም። ብቻ ያዙት።

ቆራጩ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ተንበረከከና ጉልበታቸውን ያዘ። «እማዬ፣ ካሁን በኋላ ይኼ ነገር እዚህ ቤት አይበጠበጥም። ላንቺም፣ ለእሷም። ሚዛኑንም አወርደዋለሁ። ተቆጪ፣ ልክ ነሽ፣ እፈራሻለሁ። እየፈራሁ ነው የምነግርሽ።» ከዚያ ቀና ብሎ ወደ ልጅቷ፣ «የሰርጉንም ቀን እኔው ቆርጬዋለሁ» አለ። «ቆራጩ እኔ አይደለሁ? የሚመጣው ወር...»

«አይሆንም» አለች።

ፊቱ ተለወጠ።

«እምቢ ማለቴ አይደለም። ግን እሳቸው በኪሎ ቆረጡብኝ፣ አንተ ደግሞ በጸጸት አትቁረጥብኝ። ማንም ቀን አይቁረጥብኝ። እኔ ገና ጀማሪ ነኝ፤ ሰውነቴን ሳልጠየፍ ማደር ገና እጀምራለሁ። ቀኑን እኔ እነግርሃለሁ።» ትከሻውን ነካ አደረገችው። «አስር ደቂቃ ነው ያልከው አይደል? ተነስ።»

«አሁን?»

«ኧረ ተነስ፣ ሳልተወው!»

ወረዱ። ፀሐዩ አናት ላይ ነበር። እግረኛ መንገዱ ላይ የጫማ ጠጋኙን አለፉ፣ ጋዜጣ የሚያነበውን ዘበኛ አለፉ፣ ፎቶ ቤቱን አለፉ። ከዚያ አንዲት መኪና ቀስ ስትል መስኮቷ ወረደና አንድ ድምፅ፣ «አንቺ፣ ጎማሽ እንዳይፈነዳ!» ብሎ ሳቀና አለፈ። ልጅቷ ቆመች። ያ የምታውቀው መጠየፍ ከሆዷ ተነስቶ ወደ ጉሮሮዋ ሲወጣ ተሰማት፤ ጠበቀችው። ቆራጩ ሊሳደብ ዞሮ ነበር፤ ሳል ያዘውና ግድግዳ ተደግፎ ማለክለክ ጀመረ። ቀን ሙሉ ጠረጴዛ ጋ የሚቆም ሰው፣ መራመድ የት ለምዶ!

«አንተ ነህ እኮ የምትሞተው!» አለችው፤ ሳይታሰባት ሳቀች። ይኼኛው ሳቅ ከማንም ጋር ለመስማማት አልነበረም።

«ልረፍ... ትንሽ ልረፍ» አለ። እጁን ዘረጋላት።

«ተው፣ እጄ በላብ ረጥቧል። ያስጠላል።»

እሱ ግን ያዘው። ልትነጥቀው ነበር፤ ግን ተወችለት። ከግድግዳው ተላቀው ቀስ ብለው መራመድ ጀመሩ፤ እጇ እጁ ውስጥ እንደረጠበ ነው፣ ላቡ በጣቶቻቸው መሐል ይንሸራተታል። ከየትኛው እጅ እንደመጣ ልትለይ ሞከረች። አልተለያትም። ለመጀመሪያ ጊዜ መለየትም አላሰኛትም።

ልጆቼ፣ እዚህ ላይ ልተዋቸው፤ መንገዱን ይሂዱበት። እናንተ ግን አንድ ነገር ያዙልኝ። ነገ መንገድ ላይ ስትወጡ ፊቱ ቀልቶ፣ እያለከለከ፣ ቀስ እያለ የሚራመድ ሰው ታያላችሁ፤ በየመንገዱ አለ። ሲያያችሁ አንገቱን ይደፋል። ያ ሰው ዛሬ የመጀመሪያ ቀኑ ሊሆን ይችላል። እባካችሁ፣ ስታልፉት ሰላም በሉት፤ ይኼን እንዳትረሱብኝ።